ድንኳን ከተነሣ በኋላ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ስለ ውርስና ስለ ፍርድ ቤት የተሰጠ ንግግር)



 በዓመቱ ውስጥ ለተለዩን አባሎቻችን፣ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም፣ ፈጣሪ ምሕረቱን ያውርድ እንላለን።

ዛሬ እንድንናገር የታዘዝነው ስለ ፍርድ ቤት ነው። እኛ ጠበቃም ዳኛም አይደለንም፤ የቀለም ትምህርታችንም ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም። ነገር ግን ዕድሜያችንን የጨረስነው መዝገብ በመጻፍና ዶሴ በመፈለግ ስለሆነ፣ ሰው በወረቀት ጉድለት እንዴት እንደሚንገላታ አይተናል። ጡረታ ከወጣን ወዲህም የሕግ መጽሐፍ እጃችን ሲገባ አናልፈውም።

እድራችን ድንኳን ተክሎ፣ ቀብር አስፈጽሞ፣ ሐዘንተኛ አጽናንቶ ይበተናል። ታዲያ ጠቡ የሚጀመረው መቼ ነው? ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ነው እኮ! ትናንት አንድ ሳጥን ተሸክመው የሄዱ ወንድማማቾች በዓመቱ በአንድ ቆርቆሮ ቤት ይካሰሳሉ።

እንግዲህ ሕጉ ምን ይላል? አገራችን የምትሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ነው። በዚህ ሕግ በቁጥር 842 መሠረት ኑዛዜ ከሌለ ፊተኞቹ ወራሾች ልጆች ናቸው፤ ድርሻቸውም እኩል ነው። ከልጆቹ አንዱ ቀድሞ ሞቶ እንደሆነ የእርሱ ልጆች በቦታው ይገባሉ። ሴት ናት፣ ታናሽ ነው፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ነው ብሎ ድርሻ መቀነስ የለም። ዓረብ አገር ያለችውም ልጅ ሩቅ ናት ተብላ አትቀርም፤ ውክልና ልካ ድርሻዋን ትጠይቃለች።

ባል የሞተባት ሴት ጉዳይ ግን ብዙ ጊዜ ይምታታል። ባልና ሚስት በትዳር ያፈሩት የጋራ ንብረት በመጀመሪያ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ የራሷ ሀብት ነው እንጂ ውርስ አይደለም፤ ለወራሾች የሚቀርበው የሟቹ ግማሽ ብቻ ነው። ስለዚህ «የአባታችን ቤት ነው» ብሎ እናትን ከቤት ማስወጣት በሕግም በሰውም ፊት ነውር ነው። የገጠር መሬት ደግሞ የራሱ አዋጅ አለው፤ በክልላችን በ2009 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 252 ይገኛል። መሬትን እንደ ቤትና እንደ ከብት አድርጎ መካፈል አይቻልም ማለት ነው።

ሁለተኛው የጠብ ምንጭ የአልጋ ላይ ቃል ነው። «አባታችን ሲያጣጥሩ ቤቱን ለእኔ ብለዋል» የሚል ክርክር ስንት ጊዜ ሰማን? ሕጉ በሁለት ምስክሮች ፊት የሚሰጥ የቃል ኑዛዜን ይቀበላል። ነገር ግን በቃል ሊናዘዙበት የሚቻለው ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ስላልደረሱ ልጆች ሞግዚትነት፣ እንዲሁም እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። በ500 ብር ዛሬ ቤት ይቅርና በር አይገዛም! ቤቱን በኑዛዜ መስጠት የፈለገ ሰው ሳይታመም በጽሑፍ ያድርገው። ሌላ ሰው የሚጽፍለት ከሆነ በእርሱና በ4 ምስክሮች ፊት ይነበብ፣ መነበቡም በወረቀቱ ላይ ይጠቀስ፣ እርሱም ምስክሮቹም ወዲያው ይፈርሙ። አንዷ ነገር ብትጓደል ኑዛዜው ሊፈርስ ይችላል።

እድራችንን በቀጥታ የሚመለከት ነገርም አለ። ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት ዕዳ ይከፈላል። በቁጥር 1014 ከዕዳዎች ሁሉ ቀዳሚ ሆኖ የተጻፈው የቀብር ወጪ ነው። የተዝካር ወጪ ግን እንደ ቀብር ወጪ አይቆጠርም። ለተዝካር በሬ የተበደረ ሰው ይህን ማወቅ ይገባዋል።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። የውርስ ንብረት በሌላ ሰው መያዙን እያወቀ ዝም ያለ ወራሽ፣ ሕጉ በቁጥር 1000 የ3 ዓመት ይርጋ ያስቀምጥበታል። ይህ ቁጥር በወንድማማቾች መካከል ይሠራል ወይስ በባዕድ ላይ ብቻ በሚለው የሕግ ምሁራን ተከራክረዋል፣ ዳኞችም ብዙ ደክመዋል። እኛ የምንለው አጭር ነው፤ ምሁራን የሚከራከሩበት ነገር ላይ ቤታችሁን አታስይዙ። በጊዜ ጠይቁ።

አሁን ስለ ሰበር ችሎት እናንሣ። ሰበር ማለት የመጨረሻ ውሳኔ ካገኘ በኋላ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለበት የተባለ ጉዳይ የሚታይበት ችሎት ነው። በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 454 የፌዴራሉ ሰበር ችሎት ከ5 ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በፌዴራልም በክልልም ፍርድ ቤቶች ሁሉ ላይ አስገዳጅ ሆነ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1234 ያንን አዋጅ ቢተካውም ይህን ሥርዓት አስቀጥሏል። ውሳኔዎቹ እስካሁን ከ20 በሚበልጡ ቅጾች ታትመዋል። ስለዚህ አዲስ አበባ የተተረጎመ ሕግ ለማጀቴ ሰው ክርክርም ይሠራል።

ምሳሌ እንጥቀስ። በ2000 ዓ.ም. በሰበር መዝገብ ቁጥር 23632 የታየው ጉዳይ እናቱ የሞተችበት ሕፃን ነው። ያሳደገችው አክስቱ ናት። አባት ዘግይቶ መጥቶ ልጁን ልውሰድ አለ፤ የበታች ፍርድ ቤቶችም አባት ነው ብለው ፈረዱለት። ሰበር ችሎቱ ግን ከሁሉ የሚቀድመው የሕፃኑ ጥቅም ነው ብሎ፣ ሕገ መንግሥቱን ጠቅሶ፣ ልጁ ከአክስቱ ጋር እንዲቆይ ወሰነ። ወላጅ የሞተበት ልጅ የቅርብ ዘመድ ስለተገኘ ብቻ እንደ ዕቃ ተነሥቶ አይሰጥም ማለት ነው። ይህን እያንዳንዳችን ልንይዘው ይገባል።

እንደሚታወቀው በይፋት ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጋብቶና ተዋልዶ ይኖራል። የሸሪዓ ፍርድ ቤት የውርስ ጉዳይ የማየት ሥልጣን አለው፤ ነገር ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 መሠረት ተከራካሪዎቹ ሁሉ ሲፈቅዱ ነው። አዲስ አበባ ላይ በአንድ ቤት ውርስ ምክንያት ሳትፈቅድ የተፈረደባት ሴት እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ድረስ ሄዳ በ1996 ዓ.ም. ውሳኔው ተሽሮላታል። የፈቀደ ይዳኝ፣ ያልፈቀደ አይገደድ ነው ነገሩ።

ሽምግልናችንስ? ሽምግልና ይቅር አንልም። አዋጅ 1234 ራሱ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ባለጉዳዮች በአስማሚ ፊት እንዲነጋገሩ በር ከፍቷል። ሽማግሌ ያስታረቀው ግን በጽሑፍ ይስፈር፤ ሁሉም ወራሽ ይፈርም።

በመጨረሻ ወረቀታችንን እናስብ። ጦርነቱ በኅዳር 2014 ዓ.ም. በዚህ ቀጠና ሲያልፍ ሰው ነፍሱን እንጂ ሰነዱን ይዞ መውጣት አልቻለም። ስለሆነም ለጠቅላላ ጉባኤው ሦስት ነገር እናቀርባለን።

1ኛ፤ አባል ሲያርፍ የእድሩ ጸሐፊ የሞት ምዝገባ በ30 ቀን ውስጥ በቀበሌ እንዲፈጸም ቤተሰቡን ያሳስብ። 2ኛ፤ በእድሩ መዝገብ የአባሉ ባለቤትና የልጆቹ ሁሉ ስም፣ ውጭ አገር ያሉትም ሳይቀሩ፣ በየዓመቱ ይታደስ፤ መዝገቡም በሁለት ቅጂ በሁለት ቤት ይቀመጥ። 3ኛ፤ ከዓርባው በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች ወደ ሐዘን ቤቱ ሄደው የወራሽነት ማስረጃ ሟቹ ይኖሩበት በነበረው ቦታ ካለው ፍርድ ቤት እንዲወጣ ይምከሩ።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ደብተርና ትጋት ይበቃል። ሙታናችንን በክብር እንደምንቀብር ሁሉ የተውዋቸው ልጆችም በጎረቤት ፊት ሜዳ ላይ እንዳይወድቁ መጠበቅ የእድራችን ሥራ ነው።

 አገራችንን ሰላም ያድርግልን።