ዱካው የት ያደርሳል?

(ስለ ወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ለአዲስ አንባቢዎች በሬዲዮ የቀረበ ንግግር)

 

እስከ ዛሬ ደብዳቤ ማንበብ ተለማምደናል። ደረሰኝ ማንበብ፣ የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ተለማምደናል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ልብ ወለድ ነው። ያውም ስለ አንድ ዓይነት ልብ ወለድ። ሰው ተገድሎ ይገኛል። ገዳዩ አይታወቅም። አንድ ብልህ ሰው ነገሩን እግር በእግር ተከታትሎ ገዳዩን ያወጣዋል። ይህን የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ይሉታል።

አስተማሪዎች፣ እባካችሁ ሦስት ቃላት ሰሌዳው ላይ ጻፉ። ዱካ። ፍንጭ። ማስረጃ። ተማሪዎችም በደብተራችሁ ገልብጡ።

ዱካ ምን እንደሆነ ለገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም። በሬ የጠፋበት ሰው ያውቀዋል። ፍንጭ ማለት ወደ እውነቱ የሚጠቁም ትንሽ ምልክት ነው። ማስረጃ ግን ከዳኛ ፊት የሚቆመው ነው። ሦስቱ ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም።

«ልብ ወለድ ውሸት አይደለም ወይ? ውሸት ለማንበብ ነው እንዴ ፊደል የቆጠርነው?» የሚል ሰው አለ። በገበያ ቀን አንድ አባት ይህንኑ ጠየቁኝ። «አባባ፣ ማታ እሳት ዳር ተረት ሲነገር ውሸት ነው ብለው ይነሣሉ?» አልኋቸው። ሳቁና፣ «ተረቱማ አጭር ነው» አሉኝ። እሱስ እውነታቸውን ነው።

ለመሆኑ በአያቶቻችን ዘመን ወንጀለኛ የሚገኘው እንዴት ነበር? ሌባ ሻይ የሚሉት ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡታል። ልጁ ይሰክራል። ከዚያ ይለቁታል። እየተንገዳገደ ሄዶ አንድ ቤት ገብቶ ሲወድቅ፣ «የዚህ ቤት ጌታ ሌባ ነው» ይባላል። ምን ፍንጭ አለ? ምን ማስረጃ አለ? ምንም የለም። የሰከረ ልጅ ብቻ ነው ያለው። ኋላ በመንግሥት ተከለከለ።

አውጫጭ ደግሞ ሌላ ነው። ሰው ሲገደል ወይም ከብት ሲሰረቅ አገሬው አንድ ቦታ ይሰበሰባል። ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ያየ ያየውን፣ የሰማ የሰማውን ይናገራል። በምሥጢር የሚጠቁመው ሰው «ወፍ» ይባላል። የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ከዚህ ከአውጫጩ ጋር ይመሳሰላል። ደራሲው ሰዎቹን ሁሉ ሰብስቦ ከፊታችሁ ያስቀምጣቸዋል። ገዳዩም እዚያው መካከል ተቀምጧል። እናንተ ዳኞች ናችሁ። ታዲያ ወፍም ቂም ሊኖራት ይችላል። የወፍ ቃል ፍንጭ ነው፤ ማስረጃ አይደለም።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። አርተር ኮናን ዶይል የሚባል የብሪታንያ ሐኪም ነበር። ሼርሎክ ሆልምስ የሚባል መርማሪ በሐሳቡ ፈጥሮ ብዙ መጻሕፍት ጻፈ። በ1890 በፈረንጆች አቆጣጠር ያወጣው መጽሐፍ ስሙ «የአራቱ ምልክት» ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በጦርነት ነው። በ1857፣ ይህም በፈረንጆች ነው፣ በህንድ አገር በእንግሊዞች ላይ ዐመፅ ተነሣ። በዚያ ሁከት መካከል አራት ሰዎች፣ ሦስት የህንድ ሰዎችና አንድ እንግሊዛዊ፣ አንድ ነጋዴ መስሎ የመጣ ሰው ገደሉ። የያዘውን የዕንቁ ሣጥንም ወስደው ደበቁ። ግድያው ታወቀና ታሰሩ። ሣጥኑ ግን አልተገኘም። ኋላ በእስር ቤት ሳሉ ምሥጢሩን ለመኮንኖች ነገሩ። አንደኛው መኮንን ከዳቸው። ሣጥኑን ብቻውን አውጥቶ ይዞ ወደ አገሩ ሄደ።

ዓመታት አለፉ። መኮንኑ አርጅቶ ሞተ። ጦርነቱ ካለፈ ሠላሳ ዓመት ያህል ሆኖታል። ከዕለታት አንድ ቀን የመኮንኑ ልጅ ለንደን ላይ፣ በገዛ ቤቱ፣ በሩ ከውስጥ እንደተቆለፈ ሞቶ ተገኘ። ሣጥኑም የለም። ያ ልጅ ጦርነቱን አላየም። የገደለው ግን የጦርነቱ ምሥጢር ነው።

ፖሊሱ መጣ። መጥቶም ወዲያው የሟቹን ወንድም ያዘ። ለምን? ስለ ሣጥኑ ከወንድሙ ጋር አልተስማማም ነበር። ሟቹን መጨረሻ ያየውም እሱ ነው። በቃ፤ ይኼ ምን ይባላል? ሌባ ሻይ አይደለም ወይ? ብቻ ልጁ አልሰከረም፤ የሰከረው ፖሊሱ ነው።

ሆልምስ ግን ወደ መስኮቱ ሄደ። ጎንበስ ብሎ አየ። በመስኮቱ ደፍ ላይ የጫማ ዱካ አለ። ከዱካው አጠገብ ደግሞ ክብ የጭቃ ምልክት አለ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? የከዘራ ምልክት ትሉ ይሆናል። ሆልምስ ግን «ይህ ሰውዬ አንድ እግሩ እንጨት ነው» አለ። ሌላም ዱካ አገኘ፤ ባዶ እግር፣ እንደ ሕፃን እግር ትንሽ። ያ ባለ ትንሽ እግር ሲሸሽ አንድ ዘይት ረግጧል። እንጨት እንዳይነቅዝ የሚቀባ፣ ሬንጅ ሬንጅ የሚሸት ዘይት ነው። ሆልምስ ውሻ አስመጣ። ውሻው ሽታውን ይዞ ለንደንን አቋረጠ። አንድ ጊዜ ዘይቱ በበርሜል ወደሚቀመጥበት ግቢ ይዟቸው ገባና አሳቃቸው። እንደገና ተመልሰው ጀመሩ። በመጨረሻ ወንዝ ዳር ደረሱ። የቀረውን አንብባችሁ ትደርሱበታላችሁ።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ አገር የለም? አለ እንጂ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣልያን አገራችንን ወርሮ ነበር። በየካቲት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ የቡሬን ምሽግ ለቆ ሄደ። ጠመንጃው ዝም አለ። ምሥጢሩ ግን ከሰው ጋር ቀረ። አርበኛ ያደረበትን ቤት ማን ጠቆመ? ለጠላት መንገድ ማን መራ? ቀን ከጣልያን፣ ሌሊት ከአርበኛ የበላውስ ማን ነው? «የባንዳ ዘር» የምትለውን ስድብ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ። ዱላ ታማዝዛለች፤ ከዚያም የከፋ ታመጣለች። ብዙ ጊዜ ግን ማስረጃ የላትም፤ ወፍ ናት።

ሁላችሁም የምታውቁት የጎጃሙ አርበኛ በላይ ዘለቀ በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። አብረውት ከተሰቀሉት አንዱ ልጅ ማሞ ኃይሉ ናቸው። ልጅ ማሞ በጠላት ዘመን ከጣልያን ጋር የተሰለፉ ሰው ነበሩ። በጦርነቱ ጊዜ በሁለት ወገን የቆሙ ሰዎች በአንድ ቀን ተሰቀሉ። አንድ ጎበዝ ደራሲ ከዚያች ቀን ተነሥቶ ዱካውን ወደ ኋላ ቢከተል ምን ያህል መጽሐፍ ይወጣው ነበር! ከእናንተ ልጆች አንዱ ይጽፈው ይሆናል።

አሁን ወደ አንድ የአማርኛ መጽሐፍ ልውሰዳችሁ። ስሙ «ኦሮማይ» ነው። የጻፈው በዓሉ ግርማ ነው። በዓሉ የተወለደው በኢሉባቦር ነው። ጋዜጠኛ ነበር፤ የአዲስ ዘመን ጋዜጣ አዘጋጅም ሆኗል። ኋላ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ትልቅ ሹመት ላይ ደረሰ። «ከአድማስ ባሻገር» የሚለው መጽሐፉ ብዙ ሰው ያነበበው ነው።

በ1974 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት በኤርትራ የቀይ ኮከብ ዘመቻ የሚባል ትልቅ ዘመቻ ከፈተ። በዓሉም ለዘመቻው የማስታወቂያ ሥራ አሥመራ ሄደ። ዘመቻው ናቅፋ የሚባለውን የተራራ ምሽግ ለመያዝ ነበር። አልተያዘም። ብዙ ወጣት እዚያ ቀረ። ለሕዝቡ ይነገር የነበረው ግን ድል ድል ነበር። እንግዲህ የጦርነት ምሥጢር ማለት ይኼ ነው።

በዓሉ ያየውን ልብ ወለድ አድርጎ ጻፈው። ባለታሪኩ ፀጋዬ ኃይለማርያም የሚባል ጋዜጠኛ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሮማን የምትባል እጮኛ አለችው። አሥመራ ሲደርስ ፊያሜታ ከምትባል ሴት ጋር ፍቅር ይይዘዋል። ከተማው በሰላይ የተሞላ ነው። ሥዕላይ ባራኺ የሚባል የሰላዮች አለቃ አለ፤ ሁሉም ይፈልገዋል። ማን ለማን እንደሚሠራ አይታወቅም። ወዳጅ የመሰለው ጠላት ይሆናል። ፀጋዬም ከወታደሩ ጋር ተራራው ድረስ ይወጣል። መጨረሻውን አልነግራችሁም። «ኦሮማይ» የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ነው። በአሥመራ ሰው አነጋገር «አበቃ፣ አከተመ» እንደማለት ነው።

መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ከየመደብሩ ተሰበሰበ። ባለሥልጣኖቹ በመጽሐፉ ውስጥ ራሳቸውን አይተዋል ተባለ። ስማቸው ተለውጧል፤ መልካቸው ግን ያው ነው። ከዚያ በዓሉ ከሥራው ተባረረ።

የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ምሽት ላይ በዓሉ በቮልስዋገን መኪናው ከቤቱ ወጣ። አልተመለሰም። መኪናው በደብረ ዘይት መንገድ፣ ቃሊቲ አካባቢ ቆሞ ተገኘ። እሱ ግን አልተገኘም። ሬሳው አልተገኘም። መቃብር የለውም።

እስቲ ቆም እንበል። የሰላይ ታሪክ የጻፈው ሰው ራሱ የሰላይ ታሪክ ሆነ። ይኼ ልብ ወለድ አይደለም። እስቲ ሰሌዳው ላይ ያሉትን ሦስት ቃላት እንያቸው።

ዱካው የታለ? ከቤቱ ተነሥቶ ቃሊቲ መንገድ ላይ ይቆማል። ፍንጩስ? መጽሐፉ መሰብሰቡ፣ ከሥራ መባረሩ፣ መኪናው ተገኝቶ ሰውየው መጥፋቱ። ሦስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠቁማሉ። የደርግ የጸጥታ ሰዎች ገደሉት ብለው ብዙ ሰዎች ያምናሉ። እኔም ሌላ መልስ አይታየኝም። ነገር ግን «ማን አዘዘ? ማን ፈጸመ? የት ተቀበረ?» ብሎ ለሚጠይቅ ዳኛ ይህ አይበቃውም። ስም ጠርቶ «እገሌ ነው» ለማለት ማስረጃ ያስፈልጋል። ቤተሰቡም ቁርጡን ሳያውቅ፣ አስከሬን ሳይቀብር ቀረ። የሞተበት ሰው ያለቅሳል፣ ይቀብራል፣ ተዝካር ያወጣል። የጠፋበት ሰው ግን በር በተንኳኳ ቁጥር ይነሣል። የእኛ አገር እናቶች ይህን ከእኔ የበለጠ ያውቁታል።

ደርግ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደቀ። «ኦሮማይ» እንደገና ታትሟል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በውጭ አገር ወጥቷል። የሰበሰቡት ሰዎች ሥልጣናቸው የለም፤ መጽሐፉ ግን በየመጻሕፍት መደብሩ አለ።

እንግዲህ ለማንበብ የምትፈልጉ፣ እንዴት ትጀምራላችሁ? መጽሐፉ ወፍራም ነው። አትፍሩት። ንግግር ይበዛበታል፤ ንግግር ደግሞ ቶሎ ይነበባል። ሁለት ሆናችሁ ብታነቡት ይሻላል፤ አንዱ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሌላው ያዳምጥ። በመካከሉ የትግርኛና የጣልያንኛ ቃል ይመጣል። እሱን እለፉት፤ ወደፊት ራሱ ይገለጣል። ደብተር አጠገባችሁ አስቀምጡ። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ስሙን ጻፉ። ከስሙ ጎን «የት ታየ? ምን አለ?» ብላችሁ በአጭሩ ጻፉ። አንዳንድ ሰው መጨረሻውን ገጽ ገልጦ ያያል። ይኼ ጥንስሱ ሳይበስል ጋኑን እንደ መክፈት ነው።

አሁን አስተማሪዎች ሬዲዮኑን ዝቅ አድርጋችሁ ተማሪዎቻችሁን አወያዩ። ጥያቄው ይህ ነው። መኪናው ቃሊቲ መንገድ ላይ መገኘቱ ምን ይነግረናል? ምንስ አይነግረንም? መልሳችሁን በሁለት በሁለት ዐረፍተ ነገር ጻፉ። «ይመስለኛል» ያላችሁትንና «አውቃለሁ» ያላችሁትን ለየብቻ አድርጉት።

ጤና ይስጥልን።