እናቴ የሰጠችኝ መርፌ ቁልፍ

ተናገር ስባል ያው የማወራው ስለዚያችው ስለ አሮጌዋ ቮልሴ ነው።

ታማሚ እናቴን ይዤ ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ ስሄድ፣ አቀስታ ሳንደርስ ዳገት ላይ ጠፋች። ቆም ስንል ትነሳለች፤ ትንሽ ሄዳ መልሳ ትጠፋለች። ለዚሁ ጣጣ አዲስ የቤንዚን ፓምፕ ከገዛሁ ወር አልሞላኝም! ቱቦውን ከካርቡሬተሩ ነቅዬ ጠርሙስ ውስጥ ከትቼ ቁልፍ ባዞር፣ ቤንዚን ጠብ አላለም። ፓምፑን በድጋሚ ልፈታ ስል እናቴ፣ «ልጄ፣ ለመሆኑ ቤንዚን አላት?» አለችኝ። የታንከሩን ክዳን ስከፍት ፉሽ ብሎ አየር ሳበ።

ለካስ የክዳኑ መተንፈሻ በአቧራ ተደፍኗል። ቤንዚኑ ሲጎድል በምትኩ አየር ካልገባ ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል፤ ስንቆም ግን አየር ቀስ እያለ ይሾልካል፣ መኪናዋም ትነሳለች። እናቴ ከነጠላዋ መርፌ ቁልፍ ነቅላ ሰጠችኝ። ቀዳዳውን ጠረግኩት፤ ሐኪም ቤቱ ሳይዘጋ ደሴ ገባን።