እናቶቻችን አንዱን ሐዘን ሁለት ጊዜ እንዳይናገሩ
(የማኅበራችን የቤት ለቤት ጉብኝት ቡድን ከሚሴ ላይ በተደረገው የአባላት ስብሰባ ያቀረበው ንግግር)

ቡናው እስኪደርስ ድረስ ስለ አንድ ነገር ልናወጋችሁ ተነሥተናል። ነገሩ ደብተር ነው። አንዳንዶቻችሁ «ደብተር ደግሞ ምን ወሬ አለው?» ትሉ ይሆናል። እኛም እንደዚያው ስንል ነበር።

እንደምታውቁት ቡድናችን በከሚሴ ከተማና በደዋ ጨፋ በኩል ባሉ ቅርብ ቀበሌዎች ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን፣ አልጋ ላይ የዋሉ ሕሙማንንና አካል ጉዳተኞችን በየሳምንቱ ይጎበኛል። ውኃ እንቀዳለን፣ ልብስ እናጥባለን፣ መድኃኒት መወሰዱን እናያለን፣ የቀጠሮ ቀን ሲደርስ ደግፈን ሐኪም ቤት እናደርሳለን። ይህን ሁሉ በደስታ ስንሠራ ደብተሩን ግን ለሪፖርት ብቻ የሚሞላ ትርፍ ሥራ አድርገን ቆየን። ዛሬ የምንነግራችሁ በዚህ ምክንያት ያጠፋነውን ጥፋት ነው። የማንንም ስም አንጠራም፤ ጥፋቱ የእኛው ነው።

የመጀመሪያው እንዲህ ነው። የደም ግፊት ያለባቸው አንዲት እናት ነበሩ። ሦስት ሳምንት ሦስት የተለያዩ እህቶች ሄዱ። ሦስቱም «ጎበኘናቸው፣ ደህና ናቸው» ብለው ጻፉ። በአራተኛው ሳምንት የሄደችው እህት እናታችንን ደጃፋቸው ላይ ወድቀው አገኘቻቸው። የመድኃኒት ከረጢታቸው ባዶ ነበር። ሐኪም ቤት ስናደርሳቸው ባለሙያው «መድኃኒቱን ካቆሙ ስንት ጊዜ ሆናቸው?» ብሎ ጠየቀን። ደብተራችንን ገለጥን፤ «ደህና ናቸው» ከሚል በቀር ምንም የለም። እናታችን ተርፈዋል፣ ቀኝ እጃቸው ግን እንደ ድሮው አይታዘዝላቸውም። በኋላ ለምን እንዳልነገሩን ስንጠይቃቸው «እናንተን ማስቸገር ይሆንብኛል ብዬ ነዋ ልጆቼ» አሉን። «ደህና ናቸው» የሚለው ቃል የእኛን ልብ አሳርፎ ነበር፤ ለእሳቸው ግን ምንም አልጠቀመም።

ሁለተኛው ጥፋታችን ከዚህ ይለያል፤ ቁስሉ በዓይን አይታይም። የጉብኝት ቅጻችን ላይ «ዕድሜ» የሚል ቦታ አለ። የትውልድ ዘመናቸውን የማያውቁ ሰዎችን ዕድሜ ወሎ ውስጥ እንዴት እንደምንገምት ታውቃላችሁ፤ በ1966ቱ ወይም በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ምን ያህል እንደነበሩ እንጠይቃለን። አንዲት ወጣት አባላችንም አንዲት እናትን «በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ስንት ልጅ ነበርዎት?» ብላ ጠየቀቻቸው። እናታችን ዝም አሉ። ሻሻቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ፤ የተቀዳላቸውን ቡናም ሳይነኩት ቀዘቀዘ። ልጅቷ ደንግጣ ቦታውን ባዶ ትታ ተመለሰች።

ጥፋቱ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ እህት ሄደች። ቅጹን አየች፤ የዕድሜው ቦታ ባዶ ነው። «ይህቺ ልጅ ረስታዋለች» ብላ ያንኑ ጥያቄ ደገመችው። በክፋት አይደለም። ደብተሩ ያለፈው ሳምንት ምን እንደሆነ ስላልነገራት ነው። ከዚያ ወዲያ እናታችን ሦስት ሳምንት ሙሉ እኛን ማየት አልፈለጉም። ጥያቄው የቀሰቀሰባቸውን እኛ ልናውቀው አይገባንም፤ ግን የሚያህለውን መገመት አያቅተንም። ደግሞስ የዕድሜያቸው ቁጥር ለምን አስፈለገን? «ከ70 በላይ፣ በግምት» ብለን ብንጽፍ የትኛው ሥራ ይቀርብን ነበር?

ሦስተኛውን በአጭሩ እንንገራችሁ። አንድ አባት በር አይከፍቱም። የመጀመሪያዋ ጎብኚ «አስቸጋሪ ናቸው፣ ይቆጣሉ» ብላ ጻፈች። ይህን ያነበቡት ተከታዮቹ ያን ቤት እየዘለሉ አለፉ። ሁለት ወር እንዲህ ከሄደ በኋላ አንዲት ጎረቤታቸው «የቆርቆሮውን በር ስትደበድቡት ነው እንጂ እሳቸውማ ምን ይላሉ? ከአጥር ውጭ ሆናችሁ ሰላምታ ስጡና ስማችሁን ተናገሩ» አለችን። እንደ ነገረችን አደረግን፤ በሩ ተከፈተ። የቆርቆሮ በር ሲደበደብ ምን እንደሚታያቸው አልጠየቅናቸውም፤ እስከ ዛሬም አናውቅም። አሁን ገጻቸው ላይ ያለው «አስቸጋሪ» የሚለው ቃል አይደለም። «በሩን አትምቱ። ከውጭ ሰላም በሉ፣ ስማችሁን ተናገሩ። 9 ሰዓት ላይ ብትሄዱ ይሻላቸዋል» ይላል። ይህን መስመር ያነበበች አዲስ አባል በመጀመሪያ ቀኗ ቤት ያፈራች ልጅ ትሆናለች።

እህቶቻችን፣ በእኛ አገር ልቡ ያልተሰበረ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ሽማግሌዎቻችን ሁለቱን ድርቆች ያዩ ናቸው። በ2013 ዓ.ም መጋቢትና ሚያዝያ በዞናችንና በአጣዬ በኩል በነበረው ግጭት ስንቱ ቤቱን ጥሎ ወጣ። በ2014 ዓ.ም ጥቅምትና ኅዳር ደግሞ ጦርነቱ እዚሁ ከሚሴ ገባ። የትኛው ወገን ምን አደረገ የሚለውን እዚህ አናነሣም። ከምንጎበኛቸው መካከል ኦሮሞውም አማራውም አርጎባውም አለ፤ ሐዘን የማያንኳኳው የማንም ቤት የለም። ማወቅ ያለብን ግን አንድ ነገር ነው፤ ያ ቀን ካለፈ በኋላም ገላ አይረሳም። የበር ድብደባ፣ የመኪና ድምፅ፣ ወረቀት ይዞ ስም የሚመዘግብ እንግዳ፣ ከኋላ በድንገት የሚነካ እጅ፤ ከእነዚህ አንዱ ብቻ ያን ቀን መልሶ ሊያመጣው ይችላል። ሰውየው ሲቆጣ ወይም ዝም ሲል «ምን ሆኖ ነው የሚያስቸግረን?» ከማለት «ምን አግኝቶት ይሆን?» ብሎ ማሰብ ይቀድማል። ከዚያም አስጨንቆ ሳይጠይቁ የሚያረጋጋውን ነገር ፈልጎ መጻፍ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች ጋር ሆኖ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ሥራውን በሦስት ቃላት ይጠቀልለዋል፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ሰው የደረሰበትን እንዲናገር መገፋት እንደሌለበትም አጥብቆ ይናገራል። ለወሎ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሐዘንተኛ ቤት ስንሄድ አጠገቡ እንቀመጣለን እንጂ «እንዴት ሞተ? ማን ነበር?» እያልን አንመረምርም። ባለቤቱ ሲፈልግ ይናገራል፣ ሳይፈልግ ዝም ይላል። ለቅሶ ቤት የምናውቀውን ወግ ቅጽ ስንይዝ ለምን እንረሳዋለን?

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ ደብተራችንን እንዴት እንዳስተካከልነው እንንገራችሁ።

ከእያንዳንዱ ጉብኝት በኋላ አራት ነገር እንጽፋለን፦ ምን አየን? እሳቸው ምን አሉ? ምን አደረግን? ቀጥሎ ማን፣ መቼ፣ ምን ያደርጋል? «ደህና ናቸው» የሚለው ቃል ብቻውን ተከልክሏል። በእሱ ምትክ «የግፊት መድኃኒት 6 ፍሬ ቀርቷል። ምሳ ግማሽ በልተዋል። ‹ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ› ብለዋል። ሐሙስ መድኃኒት የምታመጣላቸው የዕለቱ ተረኛ ናት» ብለን እንጽፋለን። ባለሙያ «ከመቼ ጀምሮ?» ሲል መልሱ ከደብተሩ ይገኛል።

ያየነውንና የገመትነውን አናቀላቅልም። «ተጨንቀዋል» የእኛ ግምት ነው። «እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ሁለት ጊዜ ወደ በሩ ዞረው አዩ» ግን ያየነው ነው። «አስቸጋሪ»፣ «ግትር»፣ «አእምሯቸው ልክ አይደለም» የሚሉ ቃላት ደግሞ ፍርድ ናቸው። አንድ ጊዜ ከተጻፉ ሰውየውን ዕድሜ ልኩን ይከተሉታል።

የሰውን ቃል በተናገረበት ቋንቋ እንጽፋለን። ከምንጎበኛቸው ብዙዎቹ የልባቸውን የሚናገሩት በኦሮምኛ ነው። አንዲት እናት «ሶዳ» ካሉ ፍርሃት ማለታቸው ነው፤ «ያዶ» ካሉ ሐሳብ፣ ጭንቀት ነው። ሁለቱንም «አሟቸዋል» ብሎ በአማርኛ መተርጎም ሐኪሙን ያሳስታል። ስለዚህ ቃሉን እንዳለ እንጽፋለን፣ ትርጉሙን ከጎኑ እናስቀምጣለን።

ቀንና ሰዓትም አሳስቶን ያውቃል። የቀጠሮ ካርድ ላይ የሚጻፈው ቀን በአብዛኛው በእኛ አቆጣጠር ሲሆን የመድኃኒት ካርቶን ላይ ያለው ማብቂያ ግን በአውሮፓ ነው። ከስልክ አይታ ቀን የምትጽፍ አባልም አለችን። ስለዚህ በደብተራችን ላይ ሁሉም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሆናል፤ የመድኃኒቱን ማብቂያ ስንገለብጥ ብቻ «በአውሮፓ» ብለን እንጽፍበታለን። ሰዓትም በእኛው ነው፣ «ጠዋት» ወይም «ማታ» ሳይባል ግን አይታለፍም።

የማይጻፈው ከሚጻፈው እኩል ያሳስባል። አንድ ሰው የደረሰበትን ቢያጫውተን ታሪኩን ደብተር ላይ አንዘረግፈውም። እንዴት እንደሆነ፣ ማን እንዳደረገው፣ ስማቸው የተጠሩ ሰዎች ሁሉ አይጻፉም። የምንጽፈው ለእንክብካቤው የሚያስፈልገውን ብቻ ነው፦ «ስለ ድርቁ ዘመን አይጠየቁ»፣ «ብቻቸውን ከወንድ ጎብኚ ጋር አይሁኑ»፣ «መብራት ሲጠፋ ሰው አጠገባቸው ይኑር»። ይህን አንድ መስመር ያነበበች እህት ታሪኩን ሳታውቅ ሰውየውን ታከብራለች፤ እሳቸውም ያንኑ ሐዘን ለአዲስ ሰው እንደገና አይናገሩም። ብሔርና ሃይማኖትም ለሥራችን ካላስፈለጉ አይመዘገቡም። በእኛ አካባቢ የስም ዝርዝር በማን እጅ እንደሚገባ መፍራት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ከመጻፋችን በፊት እናስፈቅዳለን። «እማማ፣ መድኃኒትዎን እንዳንረሳ ይህን ልጻፈው?» ማለት ጊዜ አይፈጅም። የጻፍነውን እናነብላቸዋለን፤ «ይሄ ይቅር» ካሉ እንሰርዘዋለን። የግል ሕይወት መከበር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተጻፈ መብት ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን በልዩ ጥንቃቄ ከሚያዙት መካከል ቆጥሮታል። ግን አዋጁ ባይኖርም የሰው ገመና አደራ ነው፤ አደራ ደግሞ ቡና ላይ አይወራም። ደብተሩ የሚቀመጠው በሚቆለፍ ሣጥን ነው፣ ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም አይላክም። ሙሉ ስም በአንድ ሉህ ላይ ብቻ ይኖራል፤ በዕለት ጉብኝቱ ገጽ ላይ ቁጥር ነው ያለው።

አንድ ነገር ግን በምሥጢር አይያዝም። ሰው «መኖር ሰልችቶኛል» ካለ፣ ምግብ ካቆመ፣ ወይም እየተደበደበ እንደሆነ ምልክት ካየን በዚያው ቀን ለቡድኑ አስተባባሪ እንናገራለን፣ ከጤና ባለሙያም ጋር እናገናኘዋለን። ይህንንም ከመጀመሪያው ለሰውየው እንነግረዋለን፤ ከጀርባው አናደርገውም። ብቻችንን የማንችለውን ችለን እንደምናድን ማስመሰል ሌላ ጥፋት ነው።

መጨረሻ ላይ ስለ ራሳችን። ያ የ2014 ኅዳር በእኛም ላይ አልፏል። የአንዲትን እናት ሐዘን ሰምታ ወጥታ መንገድ ላይ ያለቀሰች አባል አለችን። ያን ቀን ደብተሩን መሙላት አቃታት። ስለዚህ አሁን ጉብኝት ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ሆነን ነው፤ ስንመለስም አንድ ሲኒ ቡና ጠጥተን «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ተባብለን ነው የምንለያየው። የቤቱ ምሥጢር አይነሣም፣ የእኛ ድካም ግን ይነሣል።

እህቶቻችን፣ ይህ ማኅበር በመጀመሪያ ምን ይዞ እንደተነሣ ታስታውሳላችሁ። እንደ ቅሬው ነው፤ ቅሬ መዝገብ ባይኖረው ማን አዋጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን ተረሳ አይታወቅም ነበር። ሰው ሲሞት ተስተካክሎ የሚጻፍለትን ያህል በሕይወት እያለ ይጻፍለት ነው የምንለው።

ያቺ የድርቁን ጥያቄ ሁለት ጊዜ የተጠየቁት እናት አሁን ደጃቸውን ከፍተውልናል። ባለፈው ሳምንት አዲስ አባል ይዘን ስንሄድ ፈራ ተባ እያሉ «ይቺስ ልጅ ልትጠይቀኝ ነው?» አሉ። ልጅቷ «የለም እማማ፣ ጽፈውልኛል። ቡናዎን ልቁላልዎ» አለቻቸው። ያን ቀን ቡናውን እስከ በረካው ጠጡት።

ለሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዳችሁ የምትጎበኙትን አንድ ሰው ገጽ ይዛችሁ ኑ። አብረን እናነበዋለን፤ የሚሰረዘውን እንሰርዛለን፣ የጎደለውን እንሞላለን። ፈጣሪ ለሁላችንም ብርታቱን ይስጠን።