ስለ ሥዕል ተማሪዎች እርዳታ የተነገረ ቃል



እኔ ቅኔ በተማርሁበት አገር ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ወደ ደጅ ይለምን ነበር። ቁራሹን የሰጠው ገበሬ ቅኔ ባይሰማም፥ የቅኔውን ቤት ያቆመው እርሱ ነው። ዛሬ በኮልፌ ቀራንዮ ሥዕል የሚወድ ልጅ ግን መለመን ያፍራል፤ እኛም ሥዕልን እንደ ጨዋታ ቆጥረን እናሳፍረዋለን።

ይህን ስል ራሴን አላወጣም። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ልጅ በከሰል የሣለውን የቅዱስ ሚካኤልን ሥዕል ይዞ መጣና፥ ለመግቢያ ፈተና የሚለማመድበት ወረቀትና ቀለም ቢቸግረው «ይርዱኝ» አለኝ። እኔም «ልጄ፥ ሥዕል እንጀራ ይሆናልን?» ብዬ ሰደድሁት። አሁን ሲሚንቶ ይሸከማል። ባገኘኝ ቁጥር መስቀል ሊሳለም ይቀርባል፤ እኔ ግን እጄ ይከብደኛል።

የቀደሙት ሠዓልያን በምን ተማሩ? አፈወርቅ ተክሌ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምሕንድስና ሊማር ነበር፤ ስጦታው ቢታይ ወደ ሥዕል ተዛወረ። እስክንድር ቦጎሲያን በንጉሠ ነገሥቱ የ25ኛ ዓመት ኢዮቤልዩ ሁለተኛ ሽልማት ካገኘ በኋላ በመንግሥት ስኮላርሺፕ ወደ ለንደን ሄደ። (ኢዮቤልዩ እንዲህም ያለ ፍሬ አለው።) የአለቃ ደስታ ልጅ ገብረ ክርስቶስም በጀርመን ስኮላርሺፕ በኮሎኝ ተማረ። አለ ፈለገሰላም ከቺካጎ ተምሮ ተመልሶ በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን በአዲስ አበባ አቋቋመ። እነዚህን ስንመለከት፥ አስቀድሞ ሥራው ይታያል፥ ገንዘቡ ኋላ ይመጣል።

ያ ትምህርት ቤት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በአለ ስም ይጠራል። መንግሥት መድቦት የሚማር ልጅ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፥ ዕዳውንም ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። እንግዲህ ድኃውን ከደጅ የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ ወረቀቱ፥ እርሳሱ፥ ቀለሙ፥ የታክሲው ዋጋ። የውጭ አገር ስኮላርሺፕ የሚሻም የሥራዎቹን ስብስብና የመምህራኑን የምስክርነት ደብዳቤ ይጠየቃል። ቀለም የሌለው ምን ሥራ ያሳያል? ማንስ ይመሰክርለታል?

ስለዚህ ከዚህ በዓል መዋጮ ጥቂት ተከፍሎ፥ በሰበካ ጉባኤው እጅ ለዚህ ነገር ይቀመጥ ብዬ እለምናችኋለሁ። ማመልከቻ መጻፍ ለሚቸግረው እኔ አግዘዋለሁ። ያን ሲሚንቶ ተሸካሚ ልጅም በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ራሴ ሄጄ እጠራዋለሁ፤ ገና ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው።