ወረቀቱን እንጂ ሰውን አናርም

(ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የመጣሁት ስለ ድርሰት ላወራችሁ ነው። «ከኤች.አይ.ቪ ጽሕፈት ቤት መጥታ ስለ ድርሰት?» እንዳትሉኝ፤ ቆይተው ይገናኛሉ።

ያደግሁት በዚሁ በምዕራብ ጎጃም ገጠር ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስማር ጊዜው የአንድ ለአምስት ነበር። አንድ ጎበዝ ተማሪ አምስት ልጆችን ይዞ እንዲያስጠና ተደራጀን። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ድርሰት በቡድን ጻፉ ስንባል ግን እሱ ይጽፋል፣ እኛ ስማችንን እናስመዘግባለን። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? በእኛ ቡድን ሎሚውን ሁሉ የተሸከመው አንዱ ልጅ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ብቻሽን ጻፊ ስባል አንድ ገጽ መሙላት አቃተኝ።

ታዲያ ቡድን ይቅር? አይቅር። እስቲ አስሉት፦ 60 ተማሪ ባለበት ክፍል መምህሩ ለእያንዳንዱ ወረቀት 3 ደቂቃ ቢሰጥ 180 ደቂቃ ይፈጃል፤ በ40 ደቂቃ ሲካፈል ከአራት ክፍለ ጊዜ በላይ ማለት ነው። ስለዚህ የጓደኛ ጆሮ ያስፈልገናል።

ይህ ለጎጃም ልጅ አዲስ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ቀን ከጓደኞቹ ተለይቶ ብቻውን ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል፣ ይታረማል። መጀመሪያ ብቻ፣ ቀጥሎ በጆሮ ፊት። እኛም እንዲህ እናድርግ፦

አንደኛ፣ ሁሉም ለየብቻው ይጻፍ። ያልጻፈ አያርምም።

ሁለተኛ፣ አራት አራት ሁኑ፤ ሴትና ወንድ፣ ከተሜና ገጠሬ ተቀላቀሉ። ስንቁን ተሸክሞ መጥቶ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ስለ በርበሬ ለቀማ ሲጽፍ፣ የከተማው ልጅ «እጅ ያቃጥላል እንዴ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ጸሐፊው ሁሉም ያውቀዋል ብሎ የዘለለውን ያን ጊዜ ያገኘዋል።

ሦስተኛ፣ ጸሐፊው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሁለት ጊዜ ያንብብ። ሌሎቹ ሦስት ነገር ይንገሩት፦ ምን ገባኝ? የቱ ጋ ግራ ተጋባሁ? ምን ቢጨመር ደስ ይለኛል? «አሪፍ ነው» ብቻ ማለት እርማት አይደለም፤ «አይረባም» ማለትም እንደዚሁ። የፊደል ግድፈት መጨረሻ ላይ ይታያል።

አራተኛ፣ ጸሐፊው ራሱ መልሶ ይጻፈው። ብዕሩን ማንም አይቀማው።

አምስተኛውን ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር ላውጋችሁ። አሥረኛ ክፍል ሳለን አንዲት ልጅ ስለ እናቷ ጻፈች፤ እናቷ የኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በየቀኑ እንደምትወስድ። ለቡድናችን ስታነብ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስለ ጽሑፉ አንድም ቃል አልተናገርንም። ዕረፍት ስንወጣ ግን አወራነው። በማግስቱ አብሯት ዴስክ ላይ የሚቀመጥ ጠፋ። ወሬውን ካወጡት አንዷ እኔ ነበርኩ። ይቅርታ ሳልጠይቃት ተለያየን።

ኤች.አይ.ቪ አብሮ በመቀመጥ እኮ አይተላለፍም! በአገራችን መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። በአግባቡ የሚወስድና ቫይረሱ በደሙ ውስጥ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነትም አያስተላልፍም። ያን ቀን ይህን የሚያውቅ አንድ ልጅ ቢኖርና ዝም ባይል ኖሮ!

አምስተኛው ደንብ ይኸው ነው፦ በቡድን የተነበበ በቡድን ይቀራል። ጓደኛችሁ ጥቃት እየደረሰባት እንደሆነ ብትጽፍ ግን እሷኑ አማክራችሁ ለምታምኑት መምህር ንገሩ፤ ያ ወሬ ሳይሆን እርዳታ ነው።

ለሚኒ ሚዲያ የምትጽፉትንም በዚሁ መንገድ አርሙት። «ኤድስ የያዘው አለቀለት» የሚል ግጥም ከመነበቡ በፊት አንዳችሁ «ይህን ከየት አመጣኸው?» በሉ። መድኃኒቱን የምትወስድ ልጅ እዚያው ሰልፍ ላይ ቆማ እየሰማች ሊሆን ይችላል።

ነገ ቡድን ስትመሠርቱ አምስቱን ደንቦች ደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፏቸው። አምስተኛውን ግን አስምሩበት።