በር የሚያንኳኳው ማነው?

(በሠፈራችን ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተሰጠ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ «እዚህ አሜሪካ ፖሊስና ኢሚግሬሽን አንድ ናቸው ወይስ ሁለት?» ተብሎ ለተነሣው ጥያቄ ኮሚቴያችን አጣርቶ እንዲያቀርብ መታዘዙ ይታወሳል። እኛ ሕግ የተማርን አይደለንም። ያጣራነውን ያህል ግን እነሆ እናቀርባለን።

ሁለት ናቸው። የከተማ ወይም የካውንቲ ፖሊስ የሚታዘዘው ለከተማው ወይም ለካውንቲው ሹም ነው። አይስ የሚባሉት የኢሚግሬሽን ወኪሎች ግን የፌዴራሉ መንግሥት ሰዎች ናቸው። ተስማምተው ሲሠሩ ለእኛ ልዩነቱ አይታየንም። ሳይስማሙ አንድ ቤት ደጃፍ ላይ ሲገናኙ ነው ጉዱ የሚመጣው።

አንድ የታወቀ ነገር እንንገራችሁ። ናሳው የሚባለው ካውንቲ ከኒውዮርክ ከተማ አጠገብ፣ ሎንግ አይላንድ ላይ ነው። በሴፕቴምበር 2007 የኢሚግሬሽን ወኪሎች «የወሮበላ ቡድን አባሎችን እንይዛለን» ብለው ቤት ለቤት አሰሳ አደረጉ። የካውንቲው ፖሊሶችም መጀመሪያ አብረው ወጡ። በኋላ የፖሊስ አዛዡ ሎሬንስ መልቪ እንዳስታወቁት፣ ከተያዘው 96 የመያዣ ወረቀት ውስጥ ከ6ቱ በቀር አድራሻው የተሳሳተ ወይም ያረጀ ሆኖ ተገኘ። አንዱን የ28 ዓመት ሰው የፈለጉት የ7 ዓመት ልጅ ሳለ የተነሣውን ፎቶግራፍ ይዘው ነው! ያንን ዝርዝር ሠፈሩን ለሚያውቀው ፖሊስ ቢያሳዩት ምን ነበረበት? ደግሞ ከወኪሎቹ አንዳንዶቹ የካውቦይ ባርኔጣ አድርገው ነበር። ይሁን፣ ባርኔጣ ሰው አይገድልም። የከፋው ግን ወኪሎቹ ሁለት ጊዜ አብረዋቸው በወጡት በናሳው ፖሊሶች ላይ በስሕተት ሽጉጥ መምዘዛቸው ነው።

እስቲ አስቡት። ባጅ ያለው የሥራ ባልደረባ ሽጉጥ ከተመዘዘበት፣ ከእንቅልፉ ተነሥቶ በር የሚከፍተው ሰው ምን ሊሆን ነው?

መልቪ ከዚያ ወዲያ አልተባበርም አሉ። የካውንቲው አስተዳዳሪ ቶማስ ስዎዚም ምርመራ እንዲደረግ ጠየቁ። ኢሚግሬሽን በበኩሉ ሥራችን በደንብ ነው የተሠራው ብሎ ተከራከረ። አዛዡ የተቆጡት ለስደተኛ አዝነው ብቻ አይመስለንም። ፖሊስ ያለ ጠቋሚና ያለ ምስክር ሌባ አይዝም፤ ሰዉ ከፈራው ደግሞ ማን ይነግረዋል?

ወደ እኛው ዋሽንግተን እንምጣ። ኦገስት 11 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ በ1973ቱ የከተማው ራስ አስተዳደር ሕግ ተጠቅመው የከተማውን ፖሊስ ለ30 ቀን በፌዴራል እዝ ሥር አዋሉት። ከሦስት ቀን በኋላ የፌዴራሉ ዋና ዐቃቤ ሕግ ፓም ቦንዲ ሌላ ሰው በፖሊስ አዛዥነት ሾሙ። ከተማውም በማግስቱ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ትእዛዙ ተሻሻለና የከተማው አዛዥ በቦታቸው ቀሩ። ሴፕቴምበር 10 ጊዜው ሲያልቅ ከንቲባ ባውዘር የኢሚግሬሽን ሥራ የከተማው ፖሊስ ሥራ አይደለም አሉ። ጥሩ ብለዋል። ነገር ግን ያን ወር ሁለቱን መንገድ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ያየ ሰው እንዴት አድርጎ ይለያቸው?

ይኸው ከአባሎቻችን አንዲት እናት ቤታቸው ተሰብሮ ለፖሊስ አልደወሉም። አብሯቸው ያለው የእኅታቸው ልጅ ወረቀቱ ገና በሂደት ላይ ስለሆነ ነው የፈሩት። ሌባው ያልደወሉ መሆናቸውን ያወቀ ይመስል በወሩ ተመልሶ የቀረውን ወሰደ። እኛን ያሳሰበን ይሄ ነው። በትልልቆቹ ክርክር የሚጠቀመው የሠፈሩ ሌባ ሆነ።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚመክረው እንዲህ ነው። ሰደርያው ላይ «ፖሊስ» የሚል ጽሑፍ ስላያችሁ ብቻ የከተማው ፖሊስ ነው አትበሉ፤ የፌዴራሎቹም ይጽፉታል። በሩን ሳትከፍቱ ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደመጡ ጠይቁ። ወረቀት አለን ካሉ በመስኮት ያሳዩ ወይም በበሩ ሥር ያስገቡ። ዳኛ የፈረመው ማዘዣና የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ራሱ የጻፈው ወረቀት አንድ አይደሉም፤ በናሳው የተያዙት የሁለተኛው ዓይነት ነበሩ። ከተጠራጠራችሁ 911 ደውላችሁ ፖሊስ ልካችኋል ወይ ማለት ይቻላል። መግፋት፣ መሳደብ፣ ውሸት መናገር ግን በፍጹም አይሆንም። የወጣቶቹ ነገር ያሰጋናልና ወላጆች አደራ።

ሌላው የአድራሻ ነገር ነው። እኛ ሐበሾች ቤት ቶሎ ቶሎ እንለዋውጣለን፣ ደብዳቤውም በዘመድ ቤት ይመጣል። ዜግነት ያላገኘ ሰው ቤት ሲቀይር በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማስታወቅ አለበት። ያ ካልሆነ የአንዱ ጉዳይ የሌላውን በር ያስንኳኳል፤ አዲሱ ተከራይ ምን በወጣው? ቅጹን መሙላት የሚቸገር ካለ ቅዳሜ የእድር ገንዘብ ከተሰበሰበ በኋላ የኮሚቴው አባሎች እዚሁ አዳራሽ ቆይተው ይረዳሉ። የድሮውንም የአዲሱንም አድራሻ ጽፋችሁ ኑ፤ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ብቻ ይዞ መምጣት አይበቃም።