የሴቶች እግር ኳስ አሰልጣኝ የሙያ መንገድ

የሴቶች እግር ኳስ አሰልጣኝነት በኢትዮጵያ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ መታየት ከጀመረ ብዙ አልቆየም። ይድነቃቸው ተሰማ ያሰለጠኑት የወንዶች ብሔራዊ ቡድን አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳው በ1954 ዓ.ም. ነው። የሴቶቹ ቡድን በአህጉሩ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈው ግን ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1995 ዓ.ም. ናይጄሪያ ላይ ነበር። በ1997 ዓ.ም. መስከረም ደቡብ አፍሪካ ላይ እስካሁን ከፍተኛ የሆነውን ውጤት አስመዘገበ። በግማሽ ፍጻሜው በናይጄሪያ 4 ለ 0 ተሸነፈ፤ ለሦስተኛ ደረጃ ከጋና ጋር ያለ ግብ ተለያይቶ በመለያ ምት 6 ለ 5 ተረታና አራተኛ ወጣ። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ኢኳቶሪያል ጊኒ በተደረገው ውድድር ላይ ተገኘ።

ወደ ሙያው የሚገባው በሦስት በር ነው። አንደኛው መጫወት ነው፤ ጫማዋን የሰቀለች ተጫዋች በክለቧ ረዳት ሆና ትጀምራለች። ሁለተኛው ትምህርት ነው፤ የሰውነት ማጎልመሻ መምህራንና በስፖርት ሳይንስ የተመረቁ ወጣቶች በትምህርት ቤት ቡድን ይጀምራሉ። ሦስተኛው በየወረዳው ፕሮጀክት እየተባለ የሚጠራው የታዳጊዎች ሥልጠና ነው። ብዙውን ጊዜ በበጎ ፈቃድ ወይም በጥቂት አበል የሚሠራ ሲሆን፣ የአገሪቱ ተጫዋቾች አብዛኞቹ ኳስን በወግ የተማሩት በዚሁ ነው።

ከበሩ በኋላ ያለው መሰላል ላይሰንስ ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ የአሰልጣኞችን ደረጃ ከታች ወደ ላይ ዲ፣ ሲ፣ ቢ፣ ኤ እና ፕሮ ብሎ ከፍሎታል። የታችኞቹ ታዳጊዎችን ለማሰልጠን፣ የላይኞቹ ክለብንና ብሔራዊ ቡድንን ለመምራት የሚያበቁ ናቸው። ኮርሱ በክፍል የሚሰጥ ትምህርትንና በሜዳ የሚታይ ፈተናን ያጣምራል፤ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ለመሻገርም በመካከሉ ቡድን ይዞ መሥራት ያስፈልጋል። የብዙ ሴቶች ጉዞ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። ላይሰንሱ ቡድን ይፈልጋል፤ ቡድኑ ደግሞ ላይሰንስ ያለውን ይፈልጋል። ከሁለቱ አንዱን የሚሰጣት ያጣች አሰልጣኝ በረዳትነት ዓመታት ትቆጥራለች።

ላይሰንሱ የወንድና የሴት ተብሎ አይለይም። መሠረት ማኒ ይህን በተግባር አሳይታለች፤ በ2008 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ድሬዳዋ ከተማን ይዛ በወንዶች ፕሪሚየር ሊግ ቡድን የመራች ሴት አሰልጣኝ ሆነች። በዚያው ዘመን ሆንግ ኮንግ ውስጥ ቻን ዩን ቲንግ የተባለች ወጣት አሰልጣኝ ኢስተርን የተሰኘውን የወንዶች ክለብ ለሊግ ዋንጫ አበቃች። ሁለቱም ሴት አሰልጣኝ ወንዶችን ማዘዝ አትችልም የሚለውን አስተያየት በሥራቸው መልሰውታል። ያም ሆኖ በዓለም ዋንጫ እንኳ ሚዛኑ ገና ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 አውስትራሊያና ኒው ዚላንድ ባስተናገዱት የሴቶች ዓለም ዋንጫ ከ32ቱ ዋና አሰልጣኞች ሴቶቹ 12 ነበሩ።

አሰልጣኝን የሚያበስለው የተከታታይ ዓመታት ሥራ መሆኑን ከሁሉ የሚያስረዳው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች ቡድንና የአሰልጣኙ የብርሃኑ ግዛው ጉዞ ነው። የካፍ የሴቶች ቻምፒዮንስ ሊግ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲጀመር ንግድ ባንክ በምሥራቅ አፍሪካው ማጣሪያ ለፍጻሜ ደርሶ በኬንያው ቪሂጋ ኩዊንስ 2 ለ 1 ተሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ2023 እንደገና ለፍጻሜ በቅቶ በታንዛኒያው ጄኬቲ ኩዊንስ በመለያ ምት ተረታ። በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ አዲስ አበባ፣ አበበ ቢቂላ ስታዲየም ላይ የኬንያውን ፖሊስ ቡሌትስ 1 ለ 0 አሸንፎ ወደ ሞሮኮው ውድድር አለፈ። ሞሮኮ ላይ ከምድቡ ባያልፍም፣ ሁለት ፍጻሜ የተሸነፈ አሰልጣኝ ሦስተኛውን እንዲያሸንፍ ያስቻለው በቦታው መቆየቱ ነው።

በብሔራዊ ቡድን ደረጃ ያለው ልምድ የተለየ ነው። ሉሲዎቹ የሚባለው የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾች የሚጫወቱት በአብዛኛው የደርሶ መልስ ማጣሪያ ነው፤ ከተሸነፉ ለብዙ ወራት ጨዋታ የለም፤ አሰልጣኙም በዚያው ይረሳል ወይም ይለወጣል። የቀድሞዋ ተጫዋች ሰላም ዘርዓይ በመራችው ጊዜ ቡድኑ በ2010 ዓ.ም. ሊቢያን በድምር 15 ለ 0 ካሸነፈ በኋላ በአልጄሪያ ተሰናበተ። በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ ደግሞ በኦሊምፒክ ማጣሪያ፣ ከዓለም ዋንጫ ከተመለሰችው ካሜሩን ጋር 1 ለ 1 እና 0 ለ 0 ተለያይቶ ከሜዳ ውጭ በተቆጠረ ግብ ብቻ ወደቀ። ልዩነቱ ይህን ያህል ቀጭን ሲሆን አሰልጣኝ ለውጦ ከዜሮ መጀመር ትልቅ ኪሳራ ነው። በአንጻሩ የደቡብ አፍሪካዋ ደዚሬ ኤሊስ እ.ኤ.አ. በ1993 ለአገሯ የመጀመሪያ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ተጫወተች፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ደግሞ አሰልጣኝ ሆና መራችው። እ.ኤ.አ. በ2018 የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ በናይጄሪያ በመለያ ምት ብትሸነፍም አልተሰናበተችም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ሞሮኮ ላይ ዋንጫውን አነሳች።

ሥራው በጨዋታ ቀን ከሚታየው እጅግ ይሰፋል። ከሁሉ በፊት የተጫዋቾቹን ጤና መጠበቅ ይመጣል። ሴት ተጫዋቾች ላይ የጉልበት ውስጠኛ ጅማት መበጠስ ከወንዶች ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ይደጋገማል። ፊፋ ለዚህ ያዘጋጀው 11 ፕላስ የተባለ የማሟሟቂያ ሥርዓት 20 ደቂቃ ገደማ የሚወስድ ሲሆን፣ ሩጫን፣ ዝላይን፣ ሚዛን መጠበቅንና የጭን ጡንቻን ማጠንከርን ያካትታል። ኖርዌይ ውስጥ ከ13 እስከ 17 ዓመት ባሉ ልጃገረዶች ላይ ተሞክሮ ጉዳትን በሲሶ ያህል ቀንሷል። መሣሪያ አይጠይቅም፤ ኳስና ጠፍጣፋ መሬት ይበቃዋል። ከዚህ ሌላ አሰልጣኝ የወር አበባን ጉዳይ ያለ እፍረት መነጋገር፣ የደም ማነስ ምልክትን ለይቶ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ፣ በረመዳንና በዐቢይ ጾም የልምምዱን ሰዓትና ጫና ማስተካከል ይጠበቅበታል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጋብቶና ተዋልዶ በሚኖርበት ወሎ ይህ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው።

ከሜዳው ቀጥሎ ቤተሰብ አለ። ልጃገረድ ለልምምድ የምትመጣው ወላጆቿ ሲፈቅዱ ነው፤ ለመፍቀድም ማን እንደሚያሰለጥናት፣ ስንት ሰዓት ወደ ቤት እንደምትመለስ፣ ትምህርቷ እንደማይስተጓጎል ማወቅ ይፈልጋሉ። ሴት አሰልጣኝ በየቤቱ ቡና ላይ ተቀምጣ የምታስረዳው ነገር ለቡድኑ ህልውና ከማንኛውም የጨዋታ ስልት አያንስም። ልጃገረዶችን ከጥቃትና ከትንኮሳ መጠበቅም የአሰልጣኙ የመጀመሪያ ግዴታ ነው።

የራሷ የአሰልጣኟ ሕይወትም ሕግ ይፈልጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል። ፊፋም እ.ኤ.አ. በ2021 ለተጫዋቾች የደነገገውን ቢያንስ 14 ሳምንት የወሊድ ፈቃድ በ2024 ለአሰልጣኞች አስፋፍቶታል። እነዚህ መብቶች የሚሠሩት ግን በጽሑፍ የተፈረመ ውል ሲኖር ነው። በቃል ስምምነት የምትሠራ የፕሮጀክት አሰልጣኝ ስትወልድ ቡድኗንም ሙያዋንም ታጣለች።

ይህ ሁሉ በአንዲት ከተማ እንዴት እንደሚጀመር ለማየት ወሎ ውስጥ ያለችውን መካነ ሰላምን እንውሰድ፤ በዚህ መንገድ ላይ ያላት ቦታ የመጀመሪያው ደረጃ ነው። የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ደጋማ አየር ለሩጫ አቅም እንደሚረዳ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ አስመስክሯል። ከደሴ ርቃ ወደ ዓባይ ሸለቆ አቅጣጫ ያለች በመሆኗ፣ ኮርስ ለመውሰድ ወይም ጨዋታ ለማድረግ መጓዝ ገንዘብና ቀናት ይወስዳል። ስለዚህ ሥራው ከራሷ ይጀምራል። ትምህርት ቤቶቿ ለልጃገረዶች ቋሚ የልምምድ ሰዓትና ሜዳ ሊመድቡ ይችላሉ። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ግቢ ሜዳውንና ምሁራኑን ለአካባቢው ፕሮጀክት ማካፈል ይችላል። ከአማራ ሳይንት፣ ከለጋምቦ፣ ከከላላና ከወግዲ ጋር የሚደረግ ተከታታይ የልጃገረዶች ውድድር አሰልጣኞቹ ላይሰንስ ለማግኘት የሚፈልጉትን ልምድ ይሰጣል። የወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ደግሞ በየዓመቱ ቢያንስ አንዲት ሴት ወደ መሠረታዊው ኮርስ ቢልክና ስትመለስ ቡድን በውል ቢያስረክባት፣ ላይሰንስና ቡድን እርስ በርስ የሚጠባበቁበት ችግር በዚህ ከተማ ይፈታል። ከዚያ በኋላ አሰልጣኟ የሚያስፈልጋት ሽንፈት ሲመጣ ከቦታዋ አለመነሳት ነው።